ሰይፉ የት አረፈ?

በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በአሜሪካዋ የሴንት ፖል ከተማ፣ ዴቭ አርንሰን የሚባል ወጣት ጓደኞቹን በቤቱ ምድር ቤት እየሰበሰበ ጦርነት ያጫውታቸው ነበር። ጠረጴዛ ላይ ትናንሽ የወታደር ምስሎች ይሰለፋሉ፣ ዳይስ ይወረወራል፣ የሞተው ከጠረጴዛው ይነሳል። እንዲህ ያለው ጨዋታ በዚያን ጊዜ አዲስ አልነበረም። አዲሱ ነገር እያንዳንዱ ተጫዋች ሠራዊት መምራቱን ትቶ እንደ አንድ ሰው መጫወቱ ነው። ችግሩም ከዚሁ መጣ። ከሠራዊት ጨዋታ የተወረሰው ደንብ በአንድ ውርወራ “ሞተ” ወይም “ተረፈ” ብሎ ይፈርዳል። ከመቶ ወታደር አንዱ ቢሞት የሚያዝንለት የለም። ስም አውጥቶ ለሳምንታት ያሳደገው ጀግና በመጀመሪያው ምት ሲወድቅበት ግን ተጫዋቹ ያኮርፋል።

አርንሰን ራሱ በኋላ እንደተናገረው፣ መፍትሔውን የወሰደው ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ብረት ለበስ መርከቦች ከተዘጋጀ የጨዋታ ደንብ ነው። መርከብ በአንድ የመድፍ ጥይት አይሰምጥም፤ የተሰጠው ቁጥር በየምቱ እየተቀነሰ ዜሮ ሲገባ ነው የሚያበቃለት። አርንሰን ይህን ስሌት ከመርከብ ወደ ሰው አዛወረው። በ1974 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከጋሪ ጋይጋክስ ጋር ባወጡት ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ውስጥ እያንዳንዱ ሰውና ጭራቅ የሕይወት ነጥብ ተመደበለት። ዛሬ ጌም ተጫዋቾች “ላይፍ” የሚሉት ነገር በዚህ መንገድ ነው የተስፋፋው።

ሰውን እንደ መርከብ መቁጠር መዘዝ ነበረው። 30 ነጥብ የነበረው ተዋጊ 29ኙን አጥቶ በአንዷ ሲቀር፣ እንደ ጤነኛ ሰው ይሮጣል፣ እንደ ጤነኛ ሰው ይመታል። ክንዱን ይመታ ጎኑን ይወጋ፣ ደንቡ የሚያውቀው ነገር የለም። ጥሩርም የመመታት ዕድልን ይቀንሳል እንጂ ያረፈውን ምት አያቀልም። ስለዚህ ከራስ ቁር እስከ ጫማው ብረት የለበሰ ባላባትና እግሩ ፈጣን የሆነ ሌባ በስሌቱ ፊት ልዩነታቸው ትንሽ ነው። ውጊያው ቁጥር የመቀናነስ ውድድር ይሆናል፤ ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው ይደባደባሉ፣ ቀድሞ ያለቀበት ይወድቃል። በ1975 በወጣው ብላክሙር በተሰኘ ተጨማሪ መጽሐፍ ውስጥ ምቱ ያረፈበትን የሰውነት ክፍል የሚለይ ደንብ ቀርቦ ነበር፤ ዋናው ደንብ ግን አልሆነም። አንድ ቁጥር መያዝ ይቀላል። ማስታወሻቸው ጠባብ የነበረው የዚያ ዘመን ኮምፒውተሮችም ያንኑ አንድ ቁጥር ወረሱ።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ ነገሩን በአካላቸው የሚሞክሩ ሰዎች ነበሩ። በ1966 በበርክሌይ የተጀመረ፣ የአውሮፓን መካከለኛ ዘመን ልማድ የሚያስመስል ማኅበር አባላት የራስ ቁር ደፍተው፣ ጋሻ ይዘው፣ ራታን ከተባለ እንጨት በተሠራ ሰይፍ ከልባቸው ይደባደባሉ። የማኅበሩ የውጊያ ልማድ እንደሚለው፣ እግሩን የተመታ ተንበርክኮ ይቀጥላል፣ ክንዱን የተመታ በዚያ ክንድ መጠቀሙን ይተዋል። ከቀደምት አባላቱ አንዱ ስቲቭ ፔሪን ነበር። ፔሪንና ባልደረቦቹ በ1978 ሩንክዌስት የተባለውን ጨዋታ ሲያወጡ፣ ዱላ የቀመሰ ሰው እንደጻፈው ያስታውቅ ነበር።

በሩንክዌስት ምት ካረፈ በኋላ ሌላ ዳይስ ይወረወራል፦ የት? ሰውነት ሰባት ቦታ ተከፍሏል፤ ራስ፣ ደረት፣ ሆድ፣ ሁለት ክንድ፣ ሁለት እግር። እያንዳንዱ የየራሱ ነጥብ አለው። ጥሩር ደግሞ ከጉዳቱ ላይ ይቀንሳል። 8 ነጥብ የሚጎዳ ሰይፍ፣ 5 የሚመክት የሰንሰለት ጥሩር በለበሰ ክንድ ላይ ሲያርፍ 3 ብቻ ያልፋል። ክንዱ ባዶ ከሆነ ግን ስምንቱም ይገባል፣ ሰይፉም ከእጅ ይወድቃል። ተጫዋቹ በዚህ ደንብ ውስጥ ሲገባ አዲስ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ያለኝ ገንዘብ ለአንድ የብረት ሥራ ብቻ ቢበቃ የቱን ልሸፍን፣ ራሴን ወይስ እግሬን? ጀማሪ ወታደር በአንድ ዕድለኛ ምት አንጋፋውን ከጥቅም ውጭ ሊያደርገው ስለሚችልም በሦስት ሰዎች መሐል መግባት ሞኝነት ሆነ። እጅ መስጠትም ትርጉም አገኘ፤ እግሩ የተሰበረ ጠላት ተሸነፈ እንጂ አልሞተምና።

ይህ ሐሳብ ከጊዜ በኋላ ወደ ኮምፒውተርና ወደ ቴሌቪዥን ስክሪን ተሻገረ።

በ1997 ለፕሌይስቴሽን የወጣው የጃፓኑ ቡሺዶ ብሌድ የላይፍ መስመርን ከስክሪኑ ላይ ጨርሶ አነሳ። የሰዓት ገደብም አልነበረውም። ራስ ወይም ደረት ላይ በትክክል ያረፈ አንድ ምት ግጥሚያውን ይጨርሳል፤ እግሩን የተመታ ይንበረከካል፣ ከዚያ በኋላ የሚንቀሳቀሰው እየዳኸ ነው። በሌሎች የድብድብ ጌሞች አዝራር እየደበደበ ያሸንፍ የነበረ ልጅ እዚህ በሰከንዶች ውስጥ ይሞታል። ሁለት ተጫዋቾች ሰይፍ መዘው፣ ሳይቀራረቡ፣ አንዱ የሌላውን ስህተት እየጠበቀ ሲዞሩ ይታያሉ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ሬይንቦው ሲክስ ይህንኑ ፍርሃት ወደ ጠመንጃ አመጣው። አንድ ሁለት ጥይት ስለሚበቃ፣ ተጫዋቹ ቡድኖቹ በየትኛው በር እንደሚገቡ በካርታ ላይ ሲያሰምር የሚያጠፋው ጊዜ ከተኩሱ ጊዜ ይበልጥ ነበር። በ2001 ከፕራግ የመጣው ኦፕሬሽን ፍላሽፖይንት ደግሞ ገላጣ ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ መሮጥ ሞት መሆኑን አስተማረ።

በ2000 የወጣው ዴውስ ኤክስ መንገዱ ለየት ይላል። የጀግናውን ሰውነት በስድስት ከፍሎ ለእያንዳንዱ የራሱን ጤና ሰጠው። ክንዱ የተጎዳ ሰው ዒላማው ይንቀጠቀጣል፤ ሁለት እግሩን ያጣ መሬት ላይ ይሳባል። የሕክምና ዕቃ ሲገኝም ለየትኛው ክፍል እንደሚውል የሚወስነው ተጫዋቹ ነው። ከጠላት ሰፈር መሐል አንድ የሕክምና ሣጥን ብቻ ይዞ፣ ለማምለጥ እግርን ወይስ ለመተኮስ ክንድን ማዳን ይሻላል ብሎ ማሰብ የውጊያው አካል ሆነ።

ይህን ሁሉ ወደ ጽንፍ የወሰዱት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ታርን አዳምስ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ዶክትሬቱን የያዘ ሰው ነው። ከወንድሙ ከዛክ ጋር ድዋርፍ ፎርትረስን መሥራት የጀመሩት በ2002 ሲሆን፣ በኦገስት 2006 በነፃ ለቀቁት። ታርን በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲ ሥራውን ትቶ ተጫዋቾች በሚልኩት መዋጮ መኖር ጀመረ። ጌሙ ተራራ ቦርቡረው የሚኖሩ ድንኮችን ማስተዳደር ነው። ሲወጣ ሥዕል የሚባል አልነበረውም፤ ጠላቱ “ጂ” የምትባል ፊደል ሆኖ ይመጣ ነበር። ከውጭ ሲያዩት የተበላሸ ስክሪን የሚመስለው ጌም በውስጡ የሚይዘው ስሌት ግን በዘመኑ አቻ አልነበረውም።

በኤፕሪል 1 ቀን 2010 የወጣው እትም የድሮውን የቁስል ስሌት ጥሎ ሰውነትን በንብርብር ገነባው፦ ቆዳ፣ ከሥሩ ስብ፣ ከሥሩ ጡንቻ፣ ከሥሩ አጥንት፤ በመካከላቸው ጅማትና ነርቭ። ለእያንዳንዱ ብረትም ክብደቱ፣ ሳይቆረጥ የሚችለው ኃይል፣ ሳይሰበር የሚሸከመው ግፊት ተጻፈለት። አንድ ምት ቀስ ብለን እንከተል። የመዳብ ሰይፍ የያዘ ወራሪ የአንድን ድንክ ጭን ይመታል፤ ጭኑ በጠንካራ የብረት ሳህን ተሸፍኗል። ፕሮግራሙ የሰይፉን ክብደትና ፍጥነት፣ የሚነካውን ስፋት፣ የመዳብን ስለት ከሚመክተው ብረት ጋር ያነጻጽራል። መዳቡ ብረቱን መቁረጥ አይችልም። ምቱ ግን አልጠፋም፤ ስለቱ ከሽፎ እንደ ዱላ ይሆንና ወደ ውስጥ ይሻገራል። ቆዳው ሳይቀደድ ጡንቻው ሊበልዝ፣ ኃይሉ ከበዛ አጥንቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ድንኩ የለበሰው የሰንሰለት ጥሩር ቢሆን ኖሮ ሰንሰለቱ ስለሚተጣጠፍ ስለቱን ቢያስቀርም ከግፊቱ አብዛኛውን ያሳልፈው ነበር። ይህ ሁሉ በስክሪኑ ላይ በአንድ መስመር ጽሑፍ ይነገራል። ረጅም ውጊያ ሲሆን የትኛው ጣት እንደተሰበረ፣ የትኛው ጥርስ ተነቅሎ እንደበረረ ሳይቀር ገጽ ሙሉ ይጻፋል።

ተጫዋቾች ይህን ሲያዩ ብረት ማጥናት ያዙ። ጥሩር በለበሰ ጠላት ላይ ሰይፍ ሲከሽፍ የጦር መዶሻ ያሸንፋል፤ መዶሻ ደግሞ በከበደ መጠን ይበረታል። በጌሙ ውስጥ ብረት በሜትር ኩብ 7,850 ኪሎ ግራም ሲመዝን ብር 10,490 ይመዝናል። ለጌጥ ይውል የነበረው ብር የመዶሻ ማዕድን ሆነ። በተቃራኒው አዳማንታይን የተባለው፣ በጌሙ ዓለም እጅግ ውዱ ማዕድን፣ ክብደቱ 200 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ለመጥረቢያ ወደር የሌለው ስለት አለው፤ መዶሻ ቢሠሩበት ግን ጠላትን ከመነካካት አያልፍም። “ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ የቱ ነው?” የሚለው የጌም ተጫዋቾች የዘወትር ጥያቄ “ማንን ለመምታት?” የሚል መልስ አገኘ።

ውጊያውም ጠላት ሲሸሽ አያልቅም። ያው የ2010 እትም ሆስፒታል አመጣ። ቁስለኛውን አንስቶ የሚያመጣ፣ መርምሮ የሚለይ፣ ቁስል የሚሰፋ፣ አጥንት የሚጠግን ወጌሻ ያስፈልጋል። ለመስፊያ ክር፣ ለስብራት ማሰሪያ እንጨት ወይም ጄሶ፣ ለማጠቢያ ንጹሕ ውሃና ሳሙና መዘጋጀት አለበት። ሳሙና የሌለው ምሽግ ጦርነቱን አሸንፎ ወታደሩን በቁስል ማመርቀዝ ሊያጣ ይችላል። የተሰበረ አጥንት ይጠገናል። የተቆረጠ ነርቭ ግን አይመለስም፤ የክንዱ ነርቭ የተበጠሰበት አርበኛ በዚያ እጁ ዳግመኛ ሰይፍ አይጨብጥም። ከእግሩ የተጎዳው በምርኩዝ መሄድ ይለማመዳል፣ በምርኩዝ መሄድም እንደ ማንኛውም ሙያ በልምድ ይሻሻላል። በዚህ የተነሳ ምሽጉን የሚጠብቀው ተጫዋች ከጥሩር ሠሪው እኩል ስለ ሳሙና ሠሪው መጨነቅ ግድ ሆነበት።

ስሌቱ በረቀቀ ቁጥር ግን ያልታሰበ ነገር ያመጣል። ጅራፍ የሚነካው ስፋት እጅግ ጠባብ፣ ፍጥነቱም ከፍተኛ ስለሆነ፣ ቀመሩ በጠባቧ ነጥብ ላይ የሚያርፈውን ኃይል ሲያሰላ ጅራፍ በብረት ጥሩር ውስጥ አልፎ አጥንት የሚሰብር አስፈሪ መሣሪያ ሆኖ ተገኘ። ግዙፍ የባሕር ስፖንጅ ደግሞ አንጎል፣ ሳንባና ነርቭ ስለሌለው እንዴት እንደሚሞት ጠፋ፤ ሞት የሚመጣው በአካል ክፍል ጉዳት በሆነበት ዓለም፣ የሚጎዳ ክፍል የሌለው ፍጡር የማይደፈር ጭራቅ ይሆናል።

በእነዚያው ዓመታት ተመሳሳይ ክርክር በታንክ ጌሞች ውስጥም ይካሄድ ነበር። ከሚንስክ የመጣው የ2010ሩ ወርልድ ኦቭ ታንክስ የብረቱን ውፍረትና ማዕዘን ያሰላል። 100 ሚሊ ሜትር ብረት ከቁሙ 60 ዲግሪ ሲያጋድል፣ ቀጥ ብሎ የሚመጣ ጥይት የሚያቋርጠው ውፍረት 200 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ ተጫዋቾች ታንካቸውን ለጠላት በሰያፍ ማቆም ተማሩ። ጥይቱ ከበሳ በኋላ ግን የሚቀነሰው ያው የአርንሰን የመርከብ ቁጥር ነው። ዋር ተንደር የምድር ጦርን በ2014 ሲጨምር ቁጥሩን ተወው። ጥይቱ ውስጥ ገብቶ ፍንጣሪው ማንን እንደሚያገኝ ይሰላል፦ ሹፌሩን ካገኘ ታንኩ ይቆማል፣ ተኳሹን ካገኘ መድፉ ዝም ይላል፣ የጥይት ክምችቱን ካገኘ ሁሉም ያበቃል። ስለዚህም ቀድሞ ማየትና ቀድሞ መተኮስ ከብረት ውፍረት በላይ ዋጋ አወጣ።

የድዋርፍ ፎርትረስን መንፈስ ለብዙኃኑ ያደረሰው ካናዳዊው ታይናን ሲልቬስተር ነው። ሪምወርልድ የተባለው ጌሙ በ2013 ለገንዘብ ድጋፍ ቀርቦ በኦክቶበር 2018 ሙሉ እትሙ ወጣ። እዚህም ሰው በአካል ክፍሎች የተሠራ ነው፤ ሲልቬስተር ግን ቁስሉን ከኑሮ ጋር አገናኘው። ዓይኑን ያጣ ሰው ዒላማው ይዛባል። ጣቶቹን ያጣ ደግሞ ጦርነቱ ካለቀ ከዓመታት በኋላም ከጓደኞቹ ዘግይቶ ይገነባል፣ ዘግይቶ ያበስላል። ሕመም ሲበዛ ሰው ሳይሞት ይወድቃል። ስለዚህ የውጊያ መጨረሻ ሜዳው ላይ የሚያቃስቱ ሰዎች ናቸው፣ የራስም የጠላትም። አለቃው ማን ቀድሞ አልጋ እንደሚያገኝ ይወስናል፤ የወደቀውን ወራሪ አክሞ ማሰር፣ አሳምኖ ወገን ማድረግ ወይም ደም እንደፈሰሰው መተውም የእሱ ፋንታ ነው። እዚህ ላይ ሲልቬስተር እውነተኛነትን በእጁ ያዝ አድርጎታል። ቁስላቸው የማይገድላቸው ወራሪዎች ሲወድቁ እንዲሁ የሚሞቱበት ዕድል በስሌቱ ውስጥ አለ፤ ያ ባይኖር እያንዳንዱ ውጊያ እስር ቤቱን ይሞላው ነበር።

የሪምወርልድ ጥሩር በዕድል ይሠራል። አንድ ቁጥር ይወጣል፤ ከጥሩሩ ደረጃ ግማሽ በታች ከሆነ ምቱ ይነጥራል። በግማሹና በሙሉው መካከል ከወደቀ ጉዳቱ ለሁለት ይከፈላል፣ ስለታሙም ምት ወደ ዱላ ይለወጣል። ከዚያ በላይ ከሆነ ጥሩሩ እንደሌለ ይቆጠራል። ይህ ያላረካቸው ተጫዋቾች ኮምባት ኤክስቴንድድ የተባለውን ሞድ፣ ማለትም በጌሙ ላይ የሚጨመር ማሻሻያ፣ ሠሩ። በሞዱ እያንዳንዱ ጥይት የራሱ የበረራ መስመር አለው፤ የሚበሳው ብረት በሚሊ ሜትር ይለካል፤ ጥሩሩን መብሳት የማይችል ጥይት ደግሞ በዕድል አያልፍም። ውጤቱም ወዲያው ይታያል። በዋናው ጌም ጦር የያዙ ብዙ ሰዎች ብረት የለበሰውን አንድ ወራሪ በብዛታቸው ሊጥሉት ይችላሉ፤ በሞዱ ግን ትክክለኛው ጥይት ከሌለ ብዛት ምንም አይፈይድም። በጥይት ጋጋታ ሥር የገባ ሰውም ባይመታ እንኳ አንገቱን ቀብሮ ይተኛል። ስለዚህ አንዱ ቡድን ተኩሶ ያስተኛል፣ ሌላው በጎን ይዞራል።

በፌብሩዋሪ 2018 ከቼክ ሪፐብሊክ የወጣው ኪንግደም ካም፡ ዴሊቨራንስ ይህንን ወደ 1403ዋ ቦሄሚያ መለሰው። ጀግናው የአንጥረኛ ልጅ ነው። ልብሱን በየንብርብሩ ይለብሳል፦ መጀመሪያ ድርብርብ የተሰፋ ወፍራም ጨርቅ፣ ከላዩ የሰንሰለት ጥሩር፣ ከሁሉ በላይ የብረት ሳህን። ጨርቁ የዱላን ግፊት ያበርዳል፣ ሰንሰለቱ ስለትን ያስቀራል፣ ሳህኑ ሁለቱንም። የራስ ቁሩን ፊት የዘጋ ተጫዋች ፊቱን ያድናል፣ የሚያየው ግን በጠባብ ስንጥቅ ብቻ ነው፤ ብረቱም ሲራመድ ስለሚንኳኳ በሌሊት አድብቶ መግባት አይችልም። ሙሉ ጥሩር በለበሰ ባላባት ላይ ሰይፍ የሚያወናጭፍ ጀማሪ ደክሞት ይሞታል፤ ያወቀበት ግን ሰይፉን ሰቅሎ በትረ ብረት ያነሳል። የአሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን የጀርመን የውጊያ መጻሕፍት ሥዕሎችም ይህንኑ ያሳያሉ። ጥሩር የለበሱ ሰዎች የሰይፉን ስለት በግራ እጃቸው ይዘው በመገጣጠሚያው ክፍተት ሲወጉ ወይም ሰይፉን ገልብጠው በእጀታው እንደ መዶሻ ሲመቱ ይታያሉ።

ክፍተት ፍለጋው በዘመናዊ ጠመንጃም አልቀረም። ከ2017 ጀምሮ በሙከራ ደረጃ የተከፈተው የሩሲያው ኤስኬፕ ፍሮም ታርኮቭ የተጫዋቹን 440 የጤና ነጥብ በሰባት የአካል ክፍል አከፋፈለው፦ ለራስ 35፣ ለደረት 85፣ ለሆድ 70፣ ለእያንዳንዱ ክንድ 60፣ ለእያንዳንዱ እግር 65። ራስ ወይም ደረት ባዶ ሲሆን ሞት ነው። እግሩ የተሰበረ ሰው ሕመም ማስታገሻ ካልዋጠ አይሮጥም። የሚደማውን ቁስል በፋሻ፣ የከፋውን በደም ማቆሚያ ማሰሪያ ማሰር አለበት። የጥይት መከላከያ ሰደርያዎች ከ1 እስከ 6 ደረጃ አላቸው፤ እያንዳንዱ የጥይት ዓይነትም የራሱ የመብሳት አቅም። ሀብታሙ ተጫዋች ስድስተኛውን ደረጃ ለብሶ ሲመጣ፣ ድሃው በርካሽ ሥጋ ቀዳጅ ጥይት እግሩን ብቻ እየመታ ይጥለው ጀመር። እግርን የሚሸፍን ጥሩር የለም፤ ባዶ የሆነ እግር ላይ የሚያርፈው ትርፍ ጉዳት ደግሞ ወደ ሌላው ሰውነት ይሠራጫል። ዘዴው እጅግ ከመለመዱ የተነሳ በተጫዋቾቹ ዘንድ የራሱ ስም ወጣለት።

በዲሴምበር 2022 ድዋርፍ ፎርትረስ ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ሥዕል ተጨምሮለት በስቲም ለሽያጭ ቀረበ። ወንድማማቾቹ ወደ ሽያጩ የገፋፋቸው የሕክምና ወጪ ሥጋት እንደነበር በ2019 ተናግረው ነበር። ነፃው እትምም አልተቋረጠም።

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 2023፣ የታርኮቭ ሠሪዎች ሰደርያውን በታተኑት። እስከዚያ ድረስ ደረጃው የተጻፈበት ሰደርያ ደረትን እንደ አንድ ግድግዳ ይሸፍን ነበር። አሁን ጨርቁና በውስጡ የሚገቡት ሳህኖች ተለያዩ፤ ሳህኑ በእውነተኛው ቅርጹና ስፋቱ ልክ ብቻ ይመክታል። ከፊት የመጣ ጥይት ሳህኑን ሊያገኝ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ አንገት ሥር ወይም በጎን ብብት ሥር ከገባ ግን ቀጭን ጨርቅ ብቻ ሊያገኝ ይችላል። ገበያው ላይ ሰደርያ ሲገዛ ከ1 እስከ 6 ያለውን ቁጥር አይቶ ይከፍል የነበረ ተጫዋች፣ አሁን የጎን ሳህን ማስገቢያ እንዳለው፣ የፊቱ ሳህን እስከ የት እንደሚወርድ አገላብጦ ያያል። ተኳሹም በበኩሉ ጠላቱ በጎኑ እስኪዞርለት ድረስ መጠበቅ ለምዷል።